ጀርባውን ለግድግዳው የሰጠው አሰልጣኝ

እንደ ሸረሪት ያለ ግድግዳ ወጪ ምድር አላበቀለችም። ቅጽል ስሙን ያወጣው ራሱ ነው ይባላል፤ ቢሆንስ፣ ከሱ ሌላ ማን ያውቅለታል? በደጉ ጊዜ የስፖርት አዳራሹን መወጣጫ ግድግዳ ሻይ እስኪፈላ ሰባት ጊዜ ደርሶ ይመለስ ነበር፤ ይኼም ተቀንሶለት ነው።

አርባን ሲሻገር የጣቶቹ ጅማት ከዳው። መውጣት የቀረበት ሰው ማስወጣት ይማራል፤ እሱም አሰልጣኝነት ሊማር ገባ። ክብደት ከእጅ ወደ እግር እንዴት እንደሚወርድ፣ ዳሌ መቼ ወደ ግድግዳው እንደሚጠጋ በቃል መምራት ነው ሥራው። መናገሩ ለሱ ውሃ መጠጣት ነበር፤ ያቃተው ማየቱ ነው። ቃል በማንኪያ እየሰፈረች የምታወጣው መምህርቷ መጀመሪያ እይ፣ ከዚያ ተናገር ስትለው ከርማለች። እሱ ግን ተማሪው እግሩን ሳያነሳ ምክሩን ያዘንበዋል። የመጨረሻውን ፈተና ከወደቀ አዳራሹ ውስጥ የሚቀርለት ሥራ ከግድግዳው ሥር የሚነጠፈውን ፍራሽ ማራገፍ ብቻ መሆኑ ተነግሮታል።

ለፈተናው ወጥቶ የማያውቅ ሰው ይዞ መቅረብ ነበረበት። ወዳጆቹ ስለሚያውቁት ሁሉም በአንድ ቀን ታመሙ። እሺ ያለችው ልብስ ሰፊዋ ታላቅ እህቱ ብቻ ናት። ሱቋ ተቀምጦ ስለዚያ ግድግዳ ሲተርክላት ዓመታት አልፈዋል፤ ከጫፉ በላይ ሰገነት አለ፣ ከኔ በቀር የተቀመጠበት የለም፣ ከዚያ ሆነሽ ስታዪ ሰው ሁሉ ቁልፍ ያክላል እያለ። እሷም፣ ሰገነትህ አይወድቅም፣ መቀሱን አቀብለኝ ትለው ነበር። ከጫፉ በላይ ያለው ግን ገመዱ የሚያልፍበት የብረት ቀለበትና አቧራ የለበሰ ጣሪያ ነው።

ፈተናው፣ እግር መርገጫውን ማመን እንዲለምድ፣ ዓይን ተሸፍኖ መውጣት ነበር። እህቱ ዓይኗን በገበር ጨርቅ አሰረች፤ መምህርቷ ከታች ገመዱን ያዘች። ሸረሪት ደግሞ፣ ይኼን ግድግዳ ተኝቼም አውቀዋለሁ ብሎ፣ ጀርባውን ሰጠው።

ቀኝ እግርሽን ወደ ጉልበትሽ ከፍታ አምጪ፣ ጡጫ የሚያክል መርገጫ አለ፤ አሁን በእግርሽ ተነሺ፣ እጅሽን አታድክሚው፣ አላት። ተነሳች። ደረቱን ነፍቶ ቀጣዩን ሊጠራ ሲል የመምህርቷ ፊት አመድ መስሎ አየው። ዞረ።

የእህቱ ቀኝ እግር የግድግዳው ለስላሳ ሳንቃ ላይ ቆሟል። መርገጫውን ጠዋት ሊቀይሩት ፈትተውታል፤ የቀረው ባዶ የብሎን ቀዳዳ ነው። ገመዱም አልተወጠረም፣ ላላ ብሎ ተንጠልጥሏል። ጉልበቷ እንኳ አልተንቀጠቀጠም።

"ምነው ዘጋህ?" አለች ከላይ። "ስትለፈልፍ ይሻላል።"

ቀጣዩን መርገጫ ጠራላት፤ እሱስ ነበረ። ቀለበቱ ጋ ስትደርስ፣ በቃ እትዬ፣ ጨርሰሻል አላት።

ሳቀች። "አታታልለኝ፣ የእናቴ ልጅ። ሰገነቱ ገና ነው። ከቀለበቱ በስተግራ ሰፊ መርገጫ፣ ከዚያ በላይ ሁለት እጀታ። ስትነግረኝ አይደል የኖርከው?"

ግራ እግሯን ምንም በሌለበት አሳረፈች፤ ተነሳችም። ከመብራቶቹ በላይ ወዳለው ጨለማ ወገቧ ገባ፣ ጫማዋም ተከተለ። ጣሪያው ሊያቆማት ይገባ ነበር። ገመዱ ግን በመምህርቷ እጅ ውስጥ እያለፈ ወደ ላይ መሄዱን ቀጠለ።

"እውነትህን ነው ለካ" አለች። ድምፅዋ ከሩቅ፣ በጣም ከሩቅ መጣ። "ነፋስ አለ። ጨርቁን ልፍታውና ልየው?"

የአዳራሹ መስኮቶች ሁሉ ዝግ ነበሩ።

ሰገነት የሚባል የለም ሊላት አፉን ሲከፍት መምህርቷ ክንዱን ጨመደደችው። "ዝም። የቆመችው አንተ ባልከው ላይ ነው። ከቀለበቱ በላይ ናት፣ ብጎትታት ትወድቃለች። ያወጣት አፍህ ያውርዳት።"

"ጨርቁን እንዳትነኪ፣ እትዬ" አለ። "የሚፈተነው አወራረዱ ነው።"

ገና መድረሷ እንደሆነ አጉረመረመች፣ ግን እሺ አለች። ከዚያ ሸረሪት በዕድሜው አድርጎት የማያውቀውን አደረገ፤ አሳነሰ። ግራ እግርሽን ትንሽ ዝቅ፣ ለአውራ ጣት ብቻ የሚሆን ቦታ ነው። ክብደትሽን ቀስ ብለሽ ስጪው። አሁን ቀኙን፣ ከሱ ብዙ አይርቅም። ሰፊ ቢላት ምን ያህል እንደሚሰፋ፣ እዚያም ላይ ተቀምጣ እንደምትቀር ማን ያውቃል? ሸሚዙ ጀርባው ላይ ተጣበቀ። እጅግ ቆይቶ የጫማዋ ሶል ከጨለማው ወጣ፣ ቀጥሎ የቀሚሷ ጠርዝ። ቀለበቱን ስታልፍ ገመዱ ተወጠረ፤ መምህርቷ ተነፈሰች።

ቀሪው መርገጫ የእውነት ነበር። ሆኖም አንዱንም በዓይኑ ሳያይ አልጠራም። መጨረሻው ላይ ግን ደስታው ቀደመውና፣ ደረስሽ፣ ፍራሹ ላይ ነሽ አላት።

ቆመች። እጇን ወደ ጨርቁ ቋጠሮ ሰደደች።

ሸረሪት ፍራሹን አየ። እንደዚያ ያለ ወፍራም ፍራሽ ሰው ሲቆምበት ይሰረጉዳል።

"ቆይ" አለ።

ተንበረከከ። መዳፉን ወደ ጫማዋ ሥር ሰደደው፤ በወዲያ በኩል ወጣ።

"ገና ነሽ፣ እትዬ" አለ ቀስ ብሎ። "ቀኙን ዝቅ አድርጊ። የጣት ያህል። አሁን ግራውን።"

ፍራሹ ሰረጎደ። እጁን ዘርግቶ ዳሰሰው፣ ደግሞም ዳሰሰው።

"አሁን ፍቺው" አላት።