የጋሽ ፀሃዬ አደባባይ

ካዛንቺስ ውስጥ ሰው መንዳት የጀመረው ጋሽ ፀሃዬ ማስተማር ከጀመሩ ወዲህ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም፤ ከዚያ በፊት መኪኖቹ በደመ ነፍስ ነበር የሚሄዱት። ምስጢራቸው ደግሞ በ1999 ዓ.ም. አንድ ክረምት ሙሉ ቁጭ ብለው በኮምፒውተር የሠሩት የመለማመጃ አደባባይ ነው። መኪኖቹ ይዞራሉ፤ ቅድሚያ የነፈገ ይጋጫል፤ እግረኛው ይሳደባል። ከአሥር ሰልጣኝ አሥራ አንዱ በዚያ አደባባይ ተለማምዶ መንጃ ፈቃድ አውጥቷል።

አደባባዩ የሚዞረው ግን ብራውዘር ላይ በሚጫን ፍላሽ በሚሉት ፕሮግራም ነበር። በ2013 ዓለም በሙሉ ፍላሽን በቃህ ብሎ አሰናበተው። ጋሽ ፀሃዬ እምቢ አሉ። አንድ አሮጌ ኮምፒውተር ከኢንተርኔት ነቅለው፣ ቀኑን ወደ ኋላ መልሰው፣ «እዚህ ክፍል ገና 2012 ነው!» ብለው አወጁ። ሰልጣኙም በተራ እየገባ በ2012 ይለማመድ ነበር።

ባለፈው ሰኞ ኮምፒውተሩ ተቃጠለ። ጭሱ ስታዲየም ድረስ ታየ። የአደባባዩ ቅጂ በሲዲ ቢኖርም የሚከፍተው ማሽን ጠፋ። ጋሽ ፀሃዬ እህል አልቀምስ አሉ፤ የዕድሜ ልክ ሥራቸው እጃቸው ላይ ሊቀር ነው። ሲዲውን ይዘው ባምቢስ አካባቢ ፕሮግራመር ሆና ወደምትሠራው የድሮ ሰልጣኛቸው ወደ ልዩ ሄዱ።

«ልዩዬ፣ ፍላሹን አስነሺልኝ።»

«ጋሼ፣ እኔ ሙት አላስነሳም። አደባባዩን ግን ብራውዘሩ ራሱ እንዲያነበው አድርጌ እንደ አዲስ ልሥራልዎት። ምንም አይጫንበትም፣ በማንም ስልክ ይከፈታል።»

«ነገ ደግሞ ይሄንንም ይዘጉትና?»

«አሁን የምሠራበት ደንብ ለሁሉም ክፍት ነው፤ የአንድ ኩባንያ ንብረት አይደለም። አንዱ ብራውዘር ቢዘጋ ሌላው ያነበዋል።»

«እግረኛዬንስ?»

«ከነስድቡ!»

ረቡዕ ጠርታቸው አጠገቧ ቆመው አዩት። አደባባዩ ዞረ፤ አንድ መኪና አልጎደለም። ጋሽ ፀሃዬ መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉ። ሊንኩን ዓርብ ለምትፈተነው ሰልጣኛቸው ለቡዜ ላኩላት። ወዲያው ደወለች።

«ጋሼ! መስቀል ፍላወር ታክሲ ውስጥ ሆኜ ሦስቴ ተጋጨሁ!»

«እሰይ! ተጋጪ የኔ ልጅ፣ በደንብ ተጋጪ!»

ቢሮው በሙሉ ዞሮ አያቸው። ጋሽ ፀሃዬ የልዩን ግንባር ሳሙ።

«የወለደሽ ማህፀን ይባረክ! እንኳንም ያኔ መኪናዬን ከግንብ ጋር ስታጋጪው አላባረርኩሽ።»

«ጋሼ፣ ያጋጨው እኮ እኔ ሳልሆን አብሮኝ ይሰለጥን የነበረው ደጋጋ ነው።»

«በቃ፣ እሱንም እግዜር ይባርከው!»