አሥራ ሁለተኛው ድልድይ

እና ያው ነው፣ ድልድዩ ያው ነው፣ አሥራ ሁለተኛው፣ በግራ በኩል ያ ጎባጣ ድንጋይ፣ ከሥሩ ቢጫዋ ጀልባ፣ ጀልባዋ ላይ መቅዘፊያውን ሽቅብ እንዳነሣ የቀረ የአውራ ጣት ጥፍር የምታህል ሰው፣ ስድስት ዓመት ሙሉ ዓይኗን ስትጨፍን የምታየውን አሁን ዓይኗን ገልጣ እያየችው ነው፣ ዓይናዲስ ጣቷን ወደ ኮምፒውተሩ መስታወት ትሰድና መልሳ ትሰበስባለች፣ እንዳይጠፋ። አይጠፋም እታለም፣ ትላታለች ምህረት፣ ብትነኪውም አይጠፋ።

ምህረት የባሏ የወንዳወቅ ታናሽ እህት ናት፣ ከመናኸሪያው ዝቅ ብላ ባለች አንዲት ክፍል ኮምፒውተር አስቀምጣ የሰው ማመልከቻ ትጽፋለች፣ አሁን የምሳ ሰዓት ነው፣ ቢሮዎቹ ዝግ ናቸው፣ የሚያስጽፍ ሰው የለም፣ በሩ ገርበብ ብሏል። ይኼ ነገር በሲዲ ከወልድያ ነው የመጣላት፣ ኢሙሌተር ይሉታል፣ ኮምፒውተሩ የድሮውን የጌም ማሽን ሆኖ እንዲሠራ ያደርገዋል፣ ሌላ ማሽን እንዴት ይሆናል፣ ብላ ዓይናዲስ ሰኞ ለት ጠይቃ ነበር፣ እንደ አልቃሽ ነው፣ አለች ምህረት፣ አልቃሽ የሌለውን ሰው ቁመቱን አረማመዱን እየጠራች ቆሞ እንዳለ አድርጋ ታመጣው የለ፣ አለችና የተናገረችው ለራሷ ሲሰማት ፊቷን ወደ ኮምፒውተሩ መለሰች።

ወንዳወቅ ቢያይ። ሬዲዮና ቴፕ ጠጋኙ፣ የማንንም ዕቃ ሆድ ሳይከፍት የማያምነው፣ ይኼን ምን ብሎ ይከፍተዋል፣ ሆድ እንኳ የለው።

ግራጫውን ማሽን ይዞ የመጣው በዘጠና ነው፣ ከአዲስ አበባ፣ ከአንዲት ካሴት ጋር፣ ካሴቷ ውስጥ አንድ ጌም ብቻ፣ ጀልባ ይዞ ወንዝ ሽቅብ መሄድ፣ አሥራ ሁለት ድልድይ፣ ጀልባ በዓይኑ አይቶ የማያውቅ የዋግ ሰው፣ ተከዜን በበጋ ሱሪውን እስከ ጭኑ ጠቅልሎ የሚሻገር ሰው፣ ዱካ ላይ ቁጭ ብሎ ጀልባ ነጂ ሆነ። ጎረቤታቸው ይግዛው በደጅ ሲያልፍ፣ ካፒቴን፣ ዛሬስ የት ደረስክ፣ ይለዋል፣ እሱ ቀና ሳይል፣ ዘጠነኛው ላይ ነኝ፣ ዝም በል ታሰምጠኛለህ። ማሽኑ ይቅርታ አያውቅም፣ ሦስት ጊዜ ከሰመጥክ ወደ አንደኛው ድልድይ፣ መብራት ከጠፋ ወደ አንደኛው ድልድይ፣ ዶሮ ገብታ ገመዱን ከረገጠች ወደ አንደኛው ድልድይ፣ አንዳች ነገር አያስቀምጥልህም። ካሴቷን መዝዞ እፍ ይልባታል፣ መልሶ ይሰካታል፣ ማሽኑ ሲግል ላስቲክ ላስቲክ ይሸታል፣ የታችኛው ሰፈር ወፍጮ ሲነሣ ሥዕሉ ይንዘፈዘፋል፣ ሲጨንቀው ድንጋዮቹን በእናቱ ቋንቋ ይቆጥራል፣ በኽምጣኛ፣ በአማርኛ ከቆጠርኩ አይደርስልኝም ይላል።

እዚህ ምንም አይሸትም። እዚህ ወንዙ ሰማያዊ ነው። ሰማያዊ፣ እንዴት ሰማያዊ ይሆናል፣ በነሱ ቤት ዳማ ነበር፣ የክረምት ተከዜ፣ ወንዳወቅም ተከዜ እያለ ነው የሚጠራው፣ ቴሌቪዥናችሁ ቀለሙ ተበላሽቶ ነው እንጂ እውነተኛው ይኼ ነው፣ ትላለች ምህረት፣ እውነተኛው፣ እሱ እንግዲህ ሦስት ዓመት የቀዘፈበት ወንዝ እውነተኛው አልነበረም፣ ወይስ ነበር፣ ደግሞ ሰውየው፣ ሰውየው ኮፍያ አለው፣ ቀይ ኮፍያ፣ በዚያ በሚንዘፈዘፈው መስታወት አንድ ቀን እንኳ አልታየም፣ ወንዳወቅ ኮፍያ ያለው ሰው ይዞ ሲዞር ኖሮ ሳያውቅ።

ሳያውቅ።

ጥቅምት ነው፣ ዘጠና ሦስት፣ ማለዳ፣ በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ አሥራ ሁለተኛው ላይ ደርሷል፣ አውቶቡሱ ጥሩምባውን ይነፋል፣ የሬዲዮ መለዋወጫ ሊያመጣ ወልድያ ይወርዳል፣ ይግዛው ከደጅ ይጠራዋል፣ ና እንጂ፣ መኪናው ጥሎህ ሊሄድ ነው፣ ፖዝ አደረገው፣ ጀልባዋ ድልድዩ ሥር ቀጥ አለች፣ ጫማውን እያሰረ፣ ዓይኔ፣ አደራሽን እንዳታጠፊው፣ ከማዶው ምን እንዳለ ስመለስ አብረን እናያለን።

አብረን አለ። እናያለን አለ።

ሦስት ቀን ጠበቀችው፣ ቴሌቪዥኑን ብቻ ላጥፋ ብላ የትኛው ቁልፍ የቱን እንደሚያጠፋ ፈራች፣ ነጠላ አለበሰችው፣ በአጠገቡ በጎን አለፈች፣ በስተላይ ያለው የነጥቡ ቁጥር በነጠላው ውስጥ ይታያል፣ ስድሳ አንድ ሺህ ሦስት መቶ አርባ፣ ስትገባ ስድሳ አንድ ሺህ ሦስት መቶ አርባ፣ ስትወጣ ስድሳ አንድ ሺህ ሦስት መቶ አርባ፣ መብራቱን አደራ ብላ ለቅዱስ ጊዮርጊስ ሻማ ተሳለች፣ ለመብራት ሻማ፣ ብሎ ይግዛው ሳቀባት፣ መብራቱም ሦስት ቀን ሙሉ አልጠፋም፣ በሰቆጣ እንዲህ ያለ ነገር ተሰምቶ አያውቅም፣ ለመብራቱ ነበር የተሳለችው፣ ለአውቶቡሱ መሳል ነበረባት፣ አላሰበችውም፣ በሦስተኛው ቀን ሽማግሌዎች መጡ፣ ሲመለስ ነው፣ ቁልቁለቱ ላይ፣ ከዚያ ወዲያ የነገሯትን አልሰማችም።

ቤቱ ሞላ። ከፃግብጂ ዘመድ ወረደ፣ ሴቶቹ ግድግዳውን ተደግፈው ተደረደሩ፣ የወንዳወቅ አክስት እማሆይ ወለተ ጊዮርጊስ ነጠላው ሥር የሚያበራውን አዩ፣ ልጄ፣ የለቅሶ ቤት እኮ ነው፣ ቴሌቪዥን በርቶ፣ ሰው ምን ይለናል። እሺ እማሆይ፣ ይማሩኝ፣ አልተገነዘብኩም፣ ብላ ተነሣች፣ እሷ ሳታስብ እግሯ ወሰዳት፣ ሄደችና ገመዱን ከግድግዳው ነቀለችው፣ ብርሃኑ ወደ መሀል ተሰበሰበ፣ ነጥብ ሆነ፣ ነጥቡ ትንሽ ቆየ። ጠፋ።

ለቅሶው ቀጠለ።

ያወቀችው ከዓመት በኋላ ነው፣ ጥቁሩን አውልቃ፣ ማሽኑን አውጥታ ስትሞክረው፣ እጇ በስሕተት የቴሌቪዥኑን ቁልፍ መታው፣ መልሳ ስታበራው ጀልባዋ እዚያው ነበረች፣ መስታወቱ ሲጨልም ማሽኑ በጨለማ ሲሠራ ቆይቷል፣ ቁጭ ብላ አየችው፣ ደግማ አጠፋች፣ ደግማ አበራች፣ እዚያው፣ አንዲት ቁልፍ መጫን ብቻ ነበር፣ እማሆይም ይደሰታሉ፣ ሰውም አያወራ፣ የወንዳወቅም ቦታ እነጠላው ሥር ተቀምጦ ይጠብቃል፣ እሷ ግን ከሥሩ ነቀለችው። ከዚያ ወዲህ በሯን ዘግታ ስንቴ ሞከረች፣ ከማዶው ያለውን ለማየት፣ በሱ ፈንታ፣ ጣቷ አይታዘዝም፣ አራተኛው ድልድይ ላይ ትሰምጣለች፣ ሁልጊዜ አራተኛው ላይ፣ አንዲት ባልቴት ዘግታ ጀልባ ስታሰምጥ።

ይኼ ግን፣ ይኼ የምህረት ኢሙሌተር፣ እግዚአብሔር ያሳይሽ፣ በየትኛዋም ደቂቃ ያዝልኝ ትይዋለሽ፣ ይይዛል፣ ድንጋይ ሊመታሽ ሲል ትመለሻለሽ፣ የሰመጥሽው እንዳልሰመጥሽ ይሆናል፣ መብራት ቢጠፋ ነገ አብርተሽ ከዚያችው ከመቅዘፊያዋ ጫፍ ትነሻለሽ፣ ምህረት ሳምንቱን ሙሉ በምሳ ሰዓት እየያዘች እየተመለሰች ይኸው እዚህ አደረሰቻት፣ ሰው ሁሉ ያለቀሰበትን ነገር አንድ ሲዲ ያውቀዋል፣ ደቂቃን መያዝ፣ ከመናኸሪያው በታች፣ ማመልከቻ በሚጻፍበት ክፍል፣ ዓይናዲስ ጸጉሯ ሥሩ ድረስ ይቀዘቅዛታል፣ ትፈራለች፣ ደስም ይላታል፣ ቤተ መቅደስ ገብታ መጋረጃው ሳታስበው የተከፈተባት ይመስላታል።

ከዚያ ቁጥሩን ታያለች። አርባ አራት ሺህ ሁለት መቶ።

ቦታው የሱ ነው፣ ቁጥሩ የሱ አይደለም፣ የምህረት ነው፣ የዚህ ሳምንት ነው፣ የሱን ማንም አልያዘውም፣ ማን ነቀለው፣

እኔ ነኝ የነቀልኩት፣ ትላለች፣ ድምፅ አውጥታ፣ ምህረት ዞር ትላለች፣ ምኑን፣ ያንን፣ የወንድምሽን፣ ቴሌቪዥኑን ብቻ ማጥፋት እችል ነበር፣ እማሆይ ሲናገሩኝ ደንግጬ ከነገመዱ ነቀልኩት፣ አደራ ብሎኝ ነበር።

ምህረት ብዙ አታያትም፣ ከንፈሯ ይንቀጠቀጣል፣ ለቅሶ ይመስላል፣ ሳቅ ነው፣ ሁለቱም ነው። እታለም፣ ትላለች፣ ሰቆጣ ተቀምጠሽ፣ አንቺ ባትነቅይው በማግስቱ መብራት ኃይል ይነቅለው አልነበር። ስንት ጊዜ ከአንድ ጀመረ፣ አንድ ቀን ሲናደድ አይተሽዋል?

አላየችም። ታስባለች፣ ትፈልጋለች፣ መብራቱ ጠፍቶ ጨለማው ውስጥ ሲቀመጥ፣ አሥረኛው ላይ ሳለ፣ አሥራ አንደኛው ላይ ሳለ፣ እጆቹን ሲያሻሽ ነው የሚሰማት፣ በሉ እንግዲህ ከምንጩ እንነሣ፣ ሲል፣ አንድም ቀን ፊቱ ሲጠቁር አላየችም፣ የጠቆረው የሷ ነው፣ ስድስት ዓመት።

ልሂድበት ወይስ ትሄጂበታለሽ፣ ትላለች ምህረት። ወንበሩን ለቃላታለች።

ዓይናዲስ ትቀመጣለች፣ ብቻዋን ልታይ ነው፣ አብረን ያለውን ብቻዋን፣ ቢያስከፋውስ፣ ከማዶው አገር ቢኖርስ፣ ከተማ፣ እሱ ሳያየው የቀረ ትልቅ ነገር፣ ያን አይታ እንዴት ቤቷ ትገባለች፣ ጣቷ ከሐሳቧ ይቀድማል፣ ይጫናል፣ ሰውየው ያነሣውን መቅዘፊያ ያወርደዋል፣ ጀልባዋ ከድልድዩ ጥላ ትወጣለች፣

ውሃ። ባዶ ውሃ፣ ድንጋይ የሌለበት፣ ዘፈኑ ይቆማል፣ ከዚያ ከመጀመሪያው ይነሣል፣ ያው ዘፈን፣ ከላይ ድልድይ ይመጣል፣ ታውቀዋለች፣ ይኼን ድልድይ እንደ ደጃፏ ታውቀዋለች፣ አንደኛው ነው።

ተበላሸ እንዴ፣ ትላለች። የለም፣ እንዲህ ነው የተሠራው፣ ትላለች ምህረት፣ የድሮዎቹ ብዙዎቹ ማለቂያ የላቸውም፣ ከአሥራ ሁለት ቀጥሎ አንድ ነው፣ ፍጥነቱ ብቻ ይጨምራል።

ከማዶው አንደኛው ነው። ከተማ የለም፣ አገር የለም፣ ያመለጠው ነገር የለም፣ ሦስት ዓመት ጠዋት ማታ የቀዘፈበት ያ ራሱ ነው ማዶው፣ እየኖረበት ነበር ማዶ ማዶ ይል የነበረው፣ ቁጥሩ ደግሞ፣ ወዮ፣ ቁጥሩ ወደ ባዶ አልተመለሰም፣ መንገዱ ነው የተመለሰው፣ አርባ አራት ሺህ አምስት መቶ፣ ስድስት መቶ፣ በድልድዩ ሥር ሲያልፉ ይቀጥላል።

ልያዝልሽ፣ ትላለች ምህረት፣ ጣቷ ቁልፉ ላይ ነው፣ እዚህ ላይ ልያዝልሽ?

ተይው፣ ይሂድ።

ወንዙ ፈጥኗል፣ ከቅድሙ ፈጥኗል፣ ሰማያዊም ቢሆን ወንዝ ነው፣ ሁለተኛው ድልድይ፣ ሦስተኛው፣ አንድ ሰው በሩን ገፋ አድርጎ ማመልከቻ ነበረኝ ይላል፣ ቆይ አባቴ ትንሽ ታገሥ ትላለች ምህረት፣ አራተኛው መጣ፣ በግራ ድንጋይ፣ ወደ ቀኝ፣ ቀስ፣ ደግሞ ድንጋይ፣ አለፈች፣ አለፈች እኮ፣ ወንዳወቅ፣ እያየህ ነው፣ ወደ ግራ፣