የባሕር ዓሣ በቧንቧ ውሃ

አዲስ አበባ፣ ሲግናል ሰፈር ባለው የጋሽ ሸሪፍ ምግብ ቤት ከጅቡቲ ከመጡት ሦስት የባሕር ዓሦች ሁለቱ ሞተው አንዱ ቀርቷል። እሱም፣ ሰማያዊ ገላው ላይ ቢጫ መስመር የተሰመረበት ያ ውብ፣ አፉን ከፍቶ ያለከልካል። ጋሽ ሸሪፍ ይሄም ከሞተ የመስታወት ገንዳውን እሸጣለሁ ብለው ገዢ ቀጥረዋል። ገንዳው ከሄደ፣ ዓሦቹን እንድትንከባከብ የተቀጠረችው ሀውላም መሄዷ ነው።

ስለ በሽታው ሰፈሩ ሁሉ ተስማምቷል፤ ከፍታው ነው። ሐሳቡን ያመጣው ጠዋት ጠዋት እንጦጦ ላይ ሯጮችን የሚያሠለጥነው ደንበኛቸው ወንደሰን ነው። ከቆላ የመጣ ሁሉ አዲስ አበባ ሲገባ ትንፋሽ ያጥረዋል፣ ሲቆይ ይለምደዋል አለ። አሠልጣኝ ተናግሮ ማን ይከራከራል? ዓሦቹ ግን አልለመዱም፤ ሞቱ።

ሁለተኛው ሲሞት ሀውላ ስንጥቡን፣ ያንን የሚተነፍስበትን ቀይ ማበጠሪያ መሳይ ነገር፣ ገልጣ በአጉሊ መነጽር አየችው። ከሩዝ ፍሬ ያነሱ ጠፍጣፋ ትሎች በመንጠቋቸው ተጣብቀው ይርመሰመሳሉ። ትንፋሹን የቀማው እንጦጦ አልነበረም።

ስለዚህ ዛሬ የቧንቧ ውሃ ክሎሪኑ እንዲወጣ በባልዲ አሳድራ፣ ሙቀቱን ከገንዳው ጋር አስተካክላ፣ የባሕሩን ዓሣ ጨው በሌለው ውሃ ውስጥ ከተተችው። ዓሣው በጎኑ ወደቀ። ጋሽ ሸሪፍ ደንግጠው ሊያወጡት እጃቸውን ሰደዱ።

«አይንኩት። እሱ አምስት ደቂቃ ይችላል፤ ትሎቹ አይችሉም።»

ሰዓቷን እያየች ቆመች። በሦስተኛው ደቂቃ ትሎቹ ነጫጭ ብናኝ መስለው ከስንጥቡ እየረገፉ የባልዲው ወለል ላይ ተኙ። በአምስተኛው ወደ ገንዳው መለሰችው። ጥቂት ፈዞ ቆየና ጭራውን አወዛወዘ፤ ማለክለኩም ቀስ በቀስ በረደለት።

ጋሽ ሸሪፍ ደስታቸውን መደበቅ አቃታቸው። ቀድመን ብናውቅ ሦስቱም ይተርፉ ነበር አሉ። እዚህ ላይ ሀውላ ዝም ብትል ማንም አያውቅባትም። ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም ይባላል፤ በእሷ ዝምታ ግን ሁለት ዓሣ አልቋል፣ ይህም ያሳፍራታል።

«እኔ ጠርጥሬ ነበር» አለች። «የመጀመሪያው ዓሣ ድንጋይ ላይ ሲታከክ አይቼዋለሁ። አሠልጣኙ ሲናገር አፍሬ ዝም አልኩ።»

ጋሽ ሸሪፍ ትክ ብለው አዩዋት። ከዚያ ስልካቸውን አውጥተው ለገዢው ገንዳው እንደማይሸጥ ነገሩት።

«ሁለተኛ እኔ ቤት ዝም እንዳትዪ።»

«እንግዲያው ልናገር። የትሎቹ እንቁላል ገንዳው ውስጥ አለ፤ ሲፈለፈል በሳምንቱ ይህ የባልዲ እጥበት ይደገማል። ያኔ ዓሣውን ባልዲው ውስጥ የሚከቱት እርስዎ ነዎት።»