የማርሽ ግራ እግር

ማርሽ የሚለውን ስም ያወጡለት ጎረቤቶቹ ናቸው። ሥራው የመኪና ወንበር ልብስ መስፋት ነው፤ ምላሱ ግን ከመርፌው ይፈጥናል። ወንበር ሊያሰፋ የመጣ ደንበኛ፣ ወንበሩ አምሮለት መኪናው ግን አስጠልቶት ነው የሚመለሰው። ግቢው ውስጥ የራሱ የሆነች ባለ ሁለት በር የድሮ የስፖርት መኪና አለችው፤ ጎማ የላትም፣ ድንጋይ ላይ ተቀምጣለች። "ቆማም ከእናንተ ትፈጥናለች" ይላል።

ሚስት የለውም። ያለችው ያሳደገችው ታላቅ እህቱ ናት። እሁድ እሁድ እሷ ቤት ምሳ ይበላል፣ ከዚያ በትልቁ ቴሌቪዥን የመኪና እሽቅድድም ያያል። ከሰው ጋር ተቀምጦ የሚበላው ምሳ ይኸው ብቻ ነው። ችግሩ ባሏ ነው። ሰውዬው የጥርስ ሐኪም ነው፤ ሰሞኑን ደግሞ ምን እንደታየው እንጃ፣ ቀይ የስፖርት መኪና ገዛ። ያውም አውቶማቲክ።

የዚያን እሁድ እህቱ በር ላይ ጠበቀችው።

"ስማ፣ አንተ ልጅ" አለችው። ልጁ ሪዙ ከሸበተ ቆይቷል። "ዛሬ ስለዚያች መኪና አንዲት ክፉ ቃል ካወጣህ፣ እሁድ የሚባል ነገር እርሳው። ዕድሜውን ሙሉ የሰው አፍ ላይ ሲያጎነብስ ኖሮ ነው የገዛት። ተግባባን?"

"እትዬ ደግሞ፣ እኔ ምን አልኩ?"

"ባለፈው የልብስ ማጠቢያ ማሽን ናት አላልክም?"

"ማጠቢያ ማሽን እንኳን ሲሠራ ይሰማል።"

"ይኸው ጀመርክ!"

ምሳው በሰላም አለቀ፤ የማርሽ አፍ ሥራ ላይ ስለነበር። እሽቅድድሙ ሲጀመር ግን አፉ ባዶ ሆነ።

"እዩት! ይሄ እሽቅድድም ነው? ሰልፍ ነው እንጂ! በሬዲዮ የሹፌሩ ጆሮ ውስጥ ገብተው ጎማህን ቆጥብ፣ ቀስ በል፣ ውሃ ጠጣ ይሉታል። ሹፌር ነው ወይስ የሚጠባ ሕፃን? የድሮዎቹ ሲወርዱ መዳፋቸው ተልጦ፣ ፊታቸው ጥላሸት ለብሶ ነበር። እነዚህ ፀጉራቸው እንኳን ሳይበላሽ ይወርዳሉ።"

"የድሮዎቹ ይሞቱም ነበር" አለ ሐኪሙ፣ ዓይኑን ከቴሌቪዥኑ ሳያነሳ።

"ቢሞቱም ነድተው ነው የሞቱት!"

እህቱ ከወጥ ቤት ጉሮሮዋን ጠረገች። ማርሽ ገባው፤ ዓይኑን ወደ ቴሌቪዥኑ መለሰ። ሐኪሙ ግን የታመመ ጥርስ ፈልጎ መነካካት ሥራው አይደል፣

"ስለ እኔዋስ?" አለው። "እስካሁን ምንም አላልክም። አመመህ እንዴ?"

ማርሽ ሲናደድ አንቱታ ይጀምረዋል። "የእርስዎዋማ ታምራለች፣ ዶክተር። የሞተሯ ድምፅ በስፒከር ነው የሚወጣው ሲሉ ሰማሁ። ለዲዳ ሞተር ካሴት መክፈት ማለት ነው። በግራ እግር የሚረገጥ ፍሪሲዮን የላት፣ የሚቀየር ማርሽ የላት! ሹፌር የሚታወቀው በግራ እግሩ ነው። እርስዎ ግራ እግርዎን ቤት ትተውት ቢወጡ መኪናዋ አታውቅብዎትም።"

ሐኪሙ ቁልፉን ጭኑ ላይ ወረወረለት። "ተነስ። በወሬ ስትነዳ ስንት ዘመንህ። እስቲ በመሪ ንዳ።"

"ማንም አይነሳም!" አለች እህቱ እየሮጠች። ሁለቱ ሽማግሌዎች ግን ጫማቸውን እያደረጉ ነበር። እስከ ውጭው በር ተከተለቻቸው። "በል እሺ፣ ግራ እግርህን ወንበሩ ስር ደብቀው! እኔም ስለምዳት እንደዚያ ነበር ያደረግኩት።"

"እትዬ፣ ለእኔ ነው መንዳት የምታስተምሪው?"

ማርሽ ገብቶ መጀመሪያ ያየው ወንበሩን ነው። ስፌቱ ቀጥ ያለ ነበር፤ ይሄም አናደደው። ነዳጅ ሲሰጣት ጀርባው ወንበሩ ላይ ተለጠፈ። ልቡ እንደ ጥጃ ቦረቀ፤ እሱንም ዋጥ አደረገው።

"እህ?" አለ ሐኪሙ፤ ቀበቶውን ገና አላሰረም።

"ትሄዳለች" አለ ማርሽ፣ የታዘዘ መድኃኒት እንደሚውጥ ሰው።

ወደ መታጠፊያው ደረሱ። እዚህ ላይ ዕድሜ ልኩን ማርሽ ሲቀንስ የኖረ እጁ ሳይጠየቅ ወደ ታች ወረደ። ግራ እግሩም አብሮት ተነሳና፣ ፍሪሲዮን ሊረግጥ፣ እስከ ወለሉ ድረስ በሙሉ ኃይሉ ረገጠ። እግሩ ስር ያለው ግን ሰፊው ፍሬን ነበር። መኪናዋ እንደ ችንካር ተተከለች። ሐኪሙ ከፊቱ ካለው ክሩስኮት ጋር ተሳሳመ። ከኋላ የመጣው የዳቦ ማመላለሻ ደግሞ የኋላ መብራቷን አረገፈው።

"መሃል መንገድ ላይ ትተክላለህ እንዴ? ማን ነው መንጃ ፈቃድ የሰጠህ!" አለ የዳቦ ሹፌሩ። ማርሽ ወርዶ የመብራቱን ስብርባሪ መልቀም ጀመረ።

ሐኪሙ አፉ ላይ የያዘውን መሐረብ ገልጦ አየ። የፊት ጥርሱ ግማሹ እዚያ ላይ ነበር።

ቤት ሲመለሱ እህቱ ሁለቱን እያፈራረቀች አየቻቸው።

"ፍሬኗ እብድ ነው" አለ ማርሽ ቀድሞ።

"ግራ እግሩ ነው እብዱ" አለ ሐኪሙ በተሸረፈው ጥርሱ እያፏጨ።

"በየትኛው እግርህ ነው የረገጥከው?" አለች እህቱ። አልጮኸችም፤ ዝግ ብላ ነው የጠየቀችው። ምናልባትም መንገድ እየከፈተችለት ነበር።

ማርሽ ያውቃል። በግራዬ ነው፣ ይቅርታ ቢል፣ ተሰድቦ፣ ተረግሞ፣ እሽቅድድሙን ጨርሶ፣ ሻይ ጠጥቶ ይሄዳል። አፉን ከፈተ። ሐኪሙ በመሐረቡ ሥር ፈገግ ሲል አየው።

"ጥፋቱ የመኪናዋ ነው። ሁለት ፔዳል ያለው ነገር መኪና አይባልም።"

"ደህና" አለች እህቱ። "መኪናዋ የምትኖረው እዚህ ነው። አንተ ሂድ።"

በሩ ከኋላው ሲዘጋ እሽቅድድሙ ገና አላለቀም ነበር። ማን እንዳሸነፈ ሳያውቅ ቤቱ ገባ።

በሚቀጥለው እሁድ ድንጋይ ላይ ያለችው መኪናው ውስጥ ገብቶ ዳቦውን በሻይ እየነከረ በላ። እሽቅድድሙ በሚጀመርበት ሰዓት ስልኩ ጮኸ። እህቱ ናት። ከጀርባዋ የሞተሮቹ ጩኸት ይሰማል።

"በየትኛው እግርህ ነው?" አለች፣ ያለ ሰላምታ።

ማርሽ በግራ እግሩ ፍሪሲዮኑን እስከ ወለሉ ረገጠው።

"ማነው ዛሬ ከፊት የሚነሳው?" አለ።

ስልኩ ተዘጋ። እሱም ወደ ሁለተኛ ማርሽ ቀየረ።