ኪዮስኩ የተዘጋበት አርብ

ጌርሊንደ የኪዮስኳን በር ዘግታ ቁልፉን አዞረች። ደጃፉ ላይ የቆሙት ጡረተኞች ተንጫጩ።

"ምን ነካሽ አንቺ? አርብ እኮ ነው!" አለ ዴትሌፍ።

"ቢራው እዚያ ነው" ብላ ወደ አሮጌው አዳራሽ ጠቆመች። "የጠማው ይከተለኝ።"

"ቴአትር ቤት? እኔ ክራባት አላስርም!"

"ማን እሰር አለህ? እንደ ሙሽራ አትሽኮርመም!"

አዳራሹ ድሮ የከሰል ቆፋሪዎቹ መታጠቢያና ልብስ መቀየሪያ ነበር። ማዕድኑ ከቆመ ወዲህ ሩር በተባለው የከሰል አገር የሚገኘው የሰፈራቸው ሱቅ ሁሉ አንድ በአንድ ሲዘጋ፣ ያኒና የምትባል ወጣት ከጓደኞቿ ጋር ቴአትር ቤት አደረገችው። ሠዓሊዎች ቤት ተከራዩ፤ ዳቦ ቤቱም ዳግም ተከፈተ። ሆኖም የሰፈሩ ሰው ወደ ውስጥ ዝር አይልም። የከተማው ምክር ቤትም፣ አዳራሹ ዛሬም ባዶ ከሆነ አፍርሶ መኪና ማቆሚያ ሊያደርገው ነው። ያኔ ሰፈሩ ጭር ይላል፤ የጌርሊንደም ኪዮስክ አከተመለት። ስለዚህ ጠዋት የቆፋሪዎችን ጠባቂ ቅድስት ባርባራን ተማጽና ስታበቃ፣ የቢራ ሳጥኖቿን በጋሪ ጭና እዚያ አስገባች።

ሰዎቹ እያጉረመረሙ ተከተሏት። በሩን እንዳለፉ ግን ሁሉም ቀና ብለው ጣሪያውን አዩ። ቆፋሪዎቹ ልብሳቸውን ሰቅለው ወደ ጣሪያ የሚስቡባቸው ሰንሰለቶች እንዳሉ ነበሩ። ከጡረተኞቹ አንዱ፣ የቀድሞው ቆፋሪ ኡናል፣ ወደ ግድግዳው ሄደ። የራሱን ሰንሰለት ፈታ፤ ጃኬቱን መንጠቆው ላይ ሰቀለና ወደ ላይ ሳበው። ሌሎቹም ተሻሙ።

"እጅህን አንሳ፣ የእኔ ነው!"

"ጡረታ ወጥተህም ጠብ አልተውክም?"

አዳራሹ በሰንሰለት ድምፅ ተናወጠ፤ ጃኬቶቹ ከሰው ራስ በላይ ተንሳፈፉ። ተዋንያኑ መድረኩ ላይ ቆመው ቀሩ።

"ይሄም የቴአትሩ ክፍል ነው?" አሉ ከምክር ቤቱ የመጡት ሴትዮ ቀስ ብለው።

ያኒና ዓይኗን ጠረገች። "ከዛሬ ጀምሮ፣ አዎ።"

ቴአትሩ ተጀመረ። ቆፋሪ ሆኖ የሚጫወተው ልጅ ፊቱ ንጹሕ እንደሆነ ብቅ ሲል፣ ኡናል ከመቀመጫው ጮኸ፦

"ልጄ፣ ከጉድጓድ ነው ከሰርግ የመጣኸው?"

ሳቁ ጣሪያ ነካ። ልጁም ሳቀና መሬቱን በመዳፉ ጠርጎ ፊቱን አጠቆረ። ጭብጨባው ቀለጠ።

ሲያበቃ ሴትዮዋ ተነሡ። "መኪናችንን ሌላ ቦታ እናቆማለን!" አሉ። ሽማግሌዎቹ ተቃቀፉ፤ ዴትሌፍ ያኒናን ከመሬት አነሣት።

"ነገሳ፣ ኪዮስኩን ስንት ሰዓት ትከፍቺያለሽ?" አላት ጌርሊንደን፣ እያለከለከ።

ባዶ ሳጥኖቿን አየች። ከዚያ የኪዮስኩን ቁልፍ ከኪሷ አውጥታ ወረወረችለት።

"ከኡናል ጋር ሂዱና ፍሪጁን ወደዚህ አምጡልኝ።"