አባትህ በርታ ብሏል

እኛ ሐበሾች በመርዶ ጉዳይ ብልህ ነን ብለን እንኩራራለን። ዘመዱ የሞተበት ሰው ሩቅ አገር ካለ በስልክ አይነገረውም፤ በሰበብ ይጠራል፣ ደህና እንቅልፍ ይተኛል፣ ጎህ ሲቀድ ሽማግሌዎች ከበውት ይነግሩታል። ደግ ልማድ ነው፣ አልከፋም። ግን ልማድም ቢሆን የሚይዘው ሰው ልብ ሊኖረው ይገባል።

ወንድሜን አቢሶን ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ ደቡብ አፍሪካ፣ ቮስሎሩስ ባለው ሱቁ ውስጥ ገደሉት። ዳቦ ሊቀበል የጎን በሩን ሲከፍት ጠብቀው ተኮሱበትና ስልኩንና መሳቢያ ውስጥ ያገኙትን ይዘው ሄዱ። የእኔ ሱቅ ከዚያ ሩቅ አይደለም። ሮጬ ስደርስ ደንበኞቹ «ማይ ፍሬንድ፣ ማይ ፍሬንድ» እያሉ ከበውታል። ሎኬሽን በሚሉት የጥቁሮች ሰፈር ውስጥ እኛ መጤ ባለሱቆች ስም የለንም፣ ሁላችንም ማይ ፍሬንድ ነን። ወንድሜ በስሙ የሚጠራው ሰው ሳያገኝ ሞተ፤ ይሄ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

ልጁ ማናሴ ያኔ ሜልቦርን ነበር፣ የአውስትራሊያን እግር ኳስ የሚጫወት ደመወዝተኛ ተጫዋች። እግር ኳስ ይሉታል እንጂ ኳሱ ሞላላ ነው፤ በእጅም በእግርም ይሄዳል፣ አንዱ በሌላው ትከሻ ላይ ዘሎ ወጥቶ ከላይ ይቀልበዋል። ማናሴ ተማሪ ሳለ ከዚያ አገር የመጡ አሰልጣኞች ሎኬሽን ውስጥ ጨዋታውን ሲያስተምሩ ዝላዩን አይተው ወሰዱት። አቢሶ መጀመሪያ «ይሄ ምን ዓይነት እብደት ነው?» ብሎ ተቆጥቶ ነበር። ኋላ ግን ከእሱ የባሰ እብድ ጠፋ። ጠዋት ሱቁን ሳይከፍት ስልኩ ላይ ተደፍቶ ጨዋታ ያያል፤ እኔንም በግድ አስተማረኝ። ማናሴ ደግሞ ከጨዋታ በፊትም በኋላም ለአባቱ ሳይደውል አይውልም።

ይህ ልጅ ሁለት ጊዜ ጭንቅላቱን ተመትቶ ራሱን ስቶ ያውቃል። እዚያ ሕጉ ጥብቅ ነው፤ ጭንቅላቱ የተመታ ሰው ሐኪም ሳይፈቅድለት ሜዳ አይገባም፣ ሲደጋገምበት ደግሞ ሐኪሞች ተሰብስበው «በቃህ» ሊሉት ይችላሉ። ኮንትራቱም ዓመቱ ሲያልቅ ያልቃል። ስለዚህ ሕመሙን ከሁሉም ይደብቃል። ከአባቱ ብቻ አይደብቅም ነበር።

ረቡዕ ጠዋት ለቅሶ ቤት ተሰበሰብን። ጋሽ ዱባለ የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌ ነው፤ ከአገራችን ከሆሳዕና ከተማ ጀምሮ የሁላችንም ነገር የሚቆረጠው በእሱ ነው።

«ሬሳውን ወደ አገር ለመሸኘት ወረቀቱ ጊዜ ይፈልጋል» አለ። «ልጁ ቅዳሜ ጨዋታ አለው። ይጫወት። ከዚያ በሰበብ ጠርተን በወጉ እንነግረዋለን።»

ሁላችንንም ቃል አስገባን። ፌስቡክ ላይ የአቢሶን ፎቶ የለጠፈውንም ሰው ደውሎ አስጠፋው።

«የአባቱን ድምፅ ሲያጣስ ምን ሊባል ነው?» አልኩት።

«ኤርጎጌ፣ አንቺ ደግሞ ነገር ታበዣለሽ» አለኝ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም።

የማናሴ እናት ፊቤ ከእሱ ብሳ ተገኘች። «ብቻውን እኮ ነው፣ ማን ይይዘዋል? ባዶ ቤት ውስጥ ሰምቶ አንድ ነገር ቢሆንብኝስ?» እያለች ጉልበቴን ይዛ ለመነችኝ። ምን ልበላት? እናት ናት፣ ባሏ ገና አልተቀበረም።

ሐሙስ ማናሴ ወደ እናቱ ስልክ ደወለ። ፊቤ ስሙን ስታይ የነጠላዋን ጫፍ አፏ ውስጥ ወትፋ ስልኩን ለጋሽ ዱባለ ሰጠችው። ድምፁ ለሁላችንም ይሰማል።

«አባዬ የት ነው? ስልኩ አይሠራም።»

«ዕቃ ሊያመጣ ደርባን ሄዷል፣ ልጄ። ስልኩን ሰርቀውታል።» መሰረቁስ እውነት ነበር።

«በሰው ስልክ ከደወለ አንድ ነገር ጠይቁልኝ። ሰኞ ልምምድ ላይ የተመታሁት ጭንቅላቴ አልተሻለኝም። ቅዳሜ ልግባ ወይስ ለዶክተሩ ልንገር? አባዬ ነገሩን ያውቀዋል። እሱ ያለኝን ነው የማደርገው።»

ከተቀመጥኩበት ተነሳሁ። «ለዶክተሩ ይንገር በለው» አልኩ በሹክሹክታ። ጋሽ ዱባለ ፊቤን አያት። እሷ ያሰበችው ኮንትራቱን ነው፤ አባቱን ያጣ ልጅ እንጀራውንም እንዳያጣ ፈራች። ግባ በለው በሚል ራሷን ነቀነቀች።

«ጠዋት ደውሎ ነበር» አለ ጋሽ ዱባለ። «አባትህ በርታ ብሏል። ግባ ብሏል።»

«እንደዚያ ነው ያለው?»

«እንደዚያ ነው ያለው።»

ስልኩ እንደተዘጋ ለሽምግልናው አልራራሁለትም። «በሬሳ አፍ ስትናገር ጌታን አትፈራም?» አልኩት። «ለልጁ ብዬ ነው» አለ። ለልጁ ብሎ ነው እንግዲህ።

አርብ ጠዋት ለማናሴ በዋትሳፕ ድምፅ ላክሁለት። «ልጄ፣ ጭንቅላት ቀልድ አይደለም፣ ለዶክተሩ ንገር» አልኩት። «አይዞሽ አክስቴ፣ አባዬ ግባ ብሏል እኮ» ብሎ መለሰ፣ ደስ ባለው ድምፅ። ያን ስሰማ ቃሌንም ሽማግሌውንም ትቼ አባቱ መሞቱን ልነግረው ደወልኩ። አላነሳም። ደጋግሜ ብደውልም አላነሳም፤ መርዶ ደግሞ በድምፅ ተቀድቶ አይላክም።

ቅዳሜ ጠዋት ፊቤ አጠገቤ ተቀምጣ በእኔ ስልክ አየነው። እንደዚያ ቀን ተጫውቶ አያውቅም። ይዘላል፣ ይቀልባል፣ ይሮጣል፤ አስተያየት ሰጪዎቹ ስሙን እየጠሩ ያደንቁታል። ወንድሜ ቢያይ ኖሮ ሱቁን ቀኑን ሙሉ አይከፍትም ነበር። ከዕረፍት ከተመለሱ በኋላ እንደገና ከሰው ትከሻ በላይ ወጣ። ሲወርድ የአንዱ ጉልበት ጆሮ ግንዱን መታው። ወደቀ፤ አንድ እጁ ወደ ላይ እንደተዘረጋ ደርቆ ቀረ።

«እጁን ለምንድን ነው የማያወርደው?» አለች ፊቤ። «ኤርጎጌ፣ እጁን ለምንድን ነው የማያወርደው?»

ጭንቅላቱ ውስጥ ደም ፈሶ ኖሮ ቀዶ ሕክምና ተደረገለት። እሱ ሆስፒታል ተኝቶ ሳለ አባቱ ሆሳዕና ተቀበረ። ሐኪሞቹ ኳስ በቃህ አሉት። እንኳን ኳስ፣ መብራትና ጩኸት አይችልም። አውሮፕላን ይችላል እስኪሉት ቆይቶ ነው ወደ እኛ ወደ ደቡብ አፍሪካ የመጣው፤ ኤርፖርት ስቀበለው ጥቁር መነጽር አድርጎ ግድግዳውን እየዳሰሰ ይራመዳል። በጠየቀን ቁጥር አባቱ አሞት አገር ቤት ገብቷል አልነው። ስንቅና ውሸት እያደር ይቀላል ይላሉ፤ እኛ ግን ስንቁን እየጨመርንበት ሄድን።

በማግስቱ ጎህ ሲቀድ ሽማግሌዎቹ መጡ። ጋሽ ዱባለ ጸለየና በወጉ ነገረው። ፊቤ እሪ ልትል አፏን ስትከፍት ማናሴ ሁለት ጆሮውን ይዞ በሕመም ተጣጠፈ። እሪታዋን ዋጠችው። እሪታ የሌለበት መርዶ ያን ቀን ገና ማየቴ ነው።

ማናሴ ቀስ ብሎ ቀና አለ። አሁን ሲናገር ቃሉን ፈልጎ ነው የሚያገኘው።

«መቼ ነው?»

«ማክሰኞ» አለ ጋሽ ዱባለ።

«የትኛው ማክሰኞ? ከጨዋታው በፊት?»

ጋሽ ዱባለ ራሱን በአዎንታ ነቀነቀ። ማናሴ ለራሱ የሚያሰላ ይመስል ከንፈሩን አንቀሳቀሰ።

«ሐሙስ ታዲያ በርታ ያለኝ ማነው?»

«እኔ ነኝ ልጄ» አለች ፊቤ። «ላንተው ብዬ ነው።»

አልተቆጣም። ቢቆጣ ይሻል ነበር። «ሰኞ ማታ ደውዬለት ነበር» አለ። «አባዬ ‹ኳሱ ይቅርብህ፣ ለዶክተሩ ንገርና ውጣ› ብሎኝ ነበር። ኳሱ አላስችል ብሎኝ ነው ሐሙስ ደግሜ ያስጠየቅሁት፤ ሐሳቡን የቀየረ መስሎኝ ነው የገባሁት።»

ጋሽ ዱባለ መጽሐፍ ቅዱሱን ይዞ ተነስቶ ወጣ። ፊቤ ግን የት ትወጣለች።