የአለቃው ሚስት ቢሮ የመጣች ቀን

ሩዪን በቻይናዋ ሄፌይ ከተማ ውስጥ ሊፍት በሚሸጥ ኩባንያ ተቀጥራ ገና ዓመት አልሞላትም። የሽያጭ ኃላፊው ፓንግ ደንበኛ ምሳ በጋበዘ ቁጥር እሷን ይዞ ይሄድና የማሽላ አረቄ ያስቀዳታል። «ቆንጆ ልጅ ስትቀዳ ውል ቶሎ ይፈረማል» ይላል፤ ሁሉም ይስቃል። አንድ ቀን ግን እጁን ከጠረጴዛው ሥር ሰዶ ጭኗ ላይ አሳረፈ። ገፋችው። መልሶ አሳረፈው። ሩዪን ብድግ ብላ፣ ደንበኞቹም ባልደረቦቿም እየሰሙ፣ «ኃላፊ ፓንግ፣ እጅዎን ይሰብስቡ!» አለች።

ፓንግ ብቻ ሳቀ። «አረቄው አናቷ ላይ ወጣ» አለ።

በማግስቱ ለሰው ሀብት ክፍል አመለከተች። የክፍሉ ኃላፊ ሴት ስለሆነች ትረዳኛለች ብላ ነበር። ሴትዮዋ በሩን ዘጋ አድርጋ፣ «የኔ ልጅ፣ አለቃሽ ትንሽ ቢቀልድ ምን አለበት? እኛስ ስንቱን ችለን መሰለሽ እዚህ የደረስነው? ባለትዳር ሰው ነው፤ ስሙን አታጉድፊ» ብላ ሸኘቻት።

ሩዪን ቢሮ ውስጥ የምትቀርበው «እህት ሉዎ» የምትላትን ባልደረባዋን ነበር። ሉዎ የጨረታ ሰነድ የምታዘጋጅ፣ ሴት ልጇን ብቻዋን የምታሳድግ ዝምተኛ ሴት ናት። «ተይው፣ ሌላ ሥራ ፈልጊና ሂጂ» አለቻት፣ ዓይኗን ከኮምፒውተሩ ሳትነቅል። ሩዪንን ከሁሉ በላይ ያስከፋት ይሄ ነበር።

ሐሙስ ጠዋት የፓንግ ሚስት ቢሮውን በርግዳ ገባች።

«ሩዪን የምትባለው የታለች?»

ሩዪን ቀና ከማለቷ ጥፊው ጆሮ ግንዷ ላይ ጮኸ።

«አንቺ የቀበሮ ዘር! ባሌ ላይ ስትለጠፊ ከርመሽ፣ እምቢ ሲልሽ ትከስሺዋለሽ? ሁሉንም ነግሮኛል!»

ሩዪን ሕመሙ አልተሰማትም። ዙሪያዋን ብቻ ታያለች። ያን ቀን አብረዋት ምሳ የበሉት ሁሉ እዚያው አሉ። አንዱ ስልኩን ደግኖ ይቀርጻል፤ ሌላው ጠረጴዛው ሥር የጠፋ ነገር የሚፈልግ መስሎ ጎንበስ ብሏል። ፓንግ ከመስታወቱ በር ኋላ የሻይ ብርጭቆውን ይዞ ቆሟል።

ሚስቱ ለሁለተኛ ጥፊ እጇን ስታነሳ ሉዎ ወንበሯን ገፍታ ተነሳች።

«እኔንም ምቺኝ እንግዲያው» አለች ሉዎ።

«አንቺን ደግሞ ማን ጠራሽ?»

«ከስድስት ዓመት በፊት ዉሁ ከተማ ለጨረታ ሄደን፣ ባልሽ ለሆቴሉ ሠራተኛ ‹ሚስቴ ናት› ብሎ የክፍሌን ቁልፍ ተቀበለ። ተኝቼ ነው የገባብኝ። ታገልኩት፤ አቃተኝ። ጠዋት ቁርስ ላይ እንቁላል ልጦ ሳህኔ ላይ አስቀመጠልኝ። ሰው ሁሉ እንዴት ደግ አለቃ ነው አለ።»

የሚስትየዋ እጅ አየር ላይ ቀረ። «መቼ ነበር?» አለች፣ ድምጿ ተለውጦ።

«የጨረቃ በዓል ባለፈ በሳምንቱ።»

«ያን ጊዜ እኔ አራስ ነበርኩ።» ወደ መስታወቱ በር ዞረች። «ፓንግ! ና ውጣ!»

ፓንግ ብቅ አለ። «ቤታችን እንነጋገር። ተማክረውብኝ ነው…»

ሚስቱ አላስጨረሰችውም። ስልኩን ወደደገነው ሰውዬ ሄዳ፣ «የቀረጽከውን አሁኑኑ ላክልኝ» አለችው። ሩዪንን ይቅርታ ሳትጠይቅ፣ ቀይ የሆነ ጉንጯን አንድ ጊዜ አይታ ወጣች።

ኩባንያው ጉዳዩን «የቤተሰብ አለመግባባት» ብሎ ፓንግን ወደ ሌላ ከተማ ቅርንጫፍ አዛወረው። ፖሊስ የሉዎን ቃል ቢቀበልም ማስረጃ የለም አለ። ሩዪን ግን በራሷ ላይ ስለደረሰው ፓንግን ፍርድ ቤት ከሰሰች። የፓንግ ሚስት የተቀረጸውን ቪዲዮ ይዛ ያልተጠበቀች ምስክር ሆና ቀረበች፤ ዳኛው ፓንግን ይቅርታ እንዲጠይቅና ካሳ እንዲከፍል ፈረደበት።

ሩዪንን እስከ ዛሬ የሚያስደነግጣት ግን ሌላ ነው። ያን ሐሙስ ከሉዎ ጋር በደረጃው ሲወርዱ፣ «እህት ሉዎ፣ ስድስት ዓመት ሙሉ ከሱ ጋር እንዴት ምሳ በላሽ?» ብላት ነበር።

«እኔ እንጃ» አለች ሉዎ። «ሲጠራኝ እሄዳለሁ፤ ሲቀርብልኝ እበላለሁ። ደህና ነኝ ብዬ ነበር የማስበው።»